ድንጋዩን ያልለቀቀው ቅንጣት

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላም የለበትም። «የዓሣ ቤት» በሉ። አዎ፣ እንዲያ ነው።

ዱሮ ዱሮ፣ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አንድ አገር፣ ጣት የማይሞላ ቅንጣት የሚባል ዓሣ ነበር። የባሕሩም የወንዙም ውሃ ይስማማዋል። በነሱ ወግ እናት እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚጠብቅ አባት ነው። የቅንጣት እንቁላሎች ከአንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ተለጥፈዋል፤ እሱ በጅራቱ ሲያራግብላቸው ይውላል። ሲደክመው ድንጋይዋ ላይ በሆዱ ልጥፍ ይላል። ሆዱ ሥር እንደ ስኒ የጎደጎደች መያዣ አለችው። ማንም አይቷት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ተቀምጦባታላ!

አንድ ቀን አያ አምባዛ ጢሙን እያወዛወዘ መጣ። አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ከአፉ የባሰ ዓሣ ነው።

«አንተ ጩጬ፣ ተነስ! ይህች ድንጋይ ለኔ ነው የምታምረው።»

«አያ አምባዛ፣ ልጆቼ ከሥሯ ናቸው።»

«እነሱንማ ቁርስ አደርጋቸዋለሁ!»

«ትንሽ ነኝ፤ ግን ንቅንቅ አልልም!» አለ ቅንጣት። ልቡ ግን ድው ድው ይል ነበር። እንዴት አይል? አባት እኮ ነው።

ጩኸቱን ሰምቶ ሽማግሌው ሸርጣን በጎኑ እየተራመደ ደረሰ። «በጎን ብሄድም ፍርዴ አይጣመምም። ምን ይሻላል?» አለ።

«አያ ሸርጣን፣ ክረምት ገብቷል» አለ ቅንጣት። «ጎርፉ ሲመጣ ሁለታችንም ድንጋይዋ ላይ እንቁም። ጎርፍ ያልወሰደው ይውሰዳት።»

አምባዛ ትን እስኪለው ሳቀ። «ይህንንማ ጎርፍ ሳይመጣ የኔ ሳቅ ይወስደዋል! ተስማምቻለሁ!»

«እስከዚያ እንቁላል የነካ ተረትቷል» ብሎ ሸርጣን ፈረደ።

አምባዛ «ከባድ ነገር ጎርፍ አይወስደውም» ብሎ መብላት ጀመረ። ትል በላ፣ ጭቃ በላ፣ ደግሞ ትል በላ። ሆዱ ተነፍቶ ከበሮ አከለ።

«ጨምር አያ አምባዛ፣ ገና ቀለል ትላለህ!» ይለዋል ቅንጣት። እሱም ይጨምራል።

ጎርፉ ግንድ እየነዳ፣ እያጓራ መጣ። ሸርጣን ከጉድጓዱ በአንድ ዓይኑ ብቅ አለ።

«ቅንጣት፣ አለህ?»

«አለሁ! ንቅንቅ አልልም!»

«አምባዛስ?»

«አለሁ... አለ...»

ጎርፉ ያን የተነፋ ሆድ እንደ ቅል አሽከርክሮ ባሕር ከተተው። ጨው ጢሙን ለበለበው። «ያገር ያለህ! ያገር ያለህ!» እያለ ጮኸ፤ ማን ሊሰማው?

ውሃው ሲጎድል አምባዛ ሆዱ ሟሽሾ፣ እየተንፏቀቀ ተመለሰ። ያን ጊዜ የቅንጣት ልጆች ተፈልፍለው ድንጋይዋን ከበው ይርመሰመሱ ነበር። ቅንጣት ደስታው ቢበዛ ተገለባበጠ፤ ሆዱም ከነመያዣዋ ታየ።

«ይህችን ደብቀህ ኖሯል!» አለ አምባዛ።

«መቼ ጠየቅኸኝ? አፍህ መች ከምግብ ተለየና!»

ሸርጣን በጀርባው እስኪወድቅ ሳቀ፤ አምባዛም አፍሮ አፍሮ መጨረሻው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የቅንጣት ስም «ሙጥኝ» ሆነ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዓሣ ብታብሱልኝም አልጠላም፤ ከሙጥኝ ዘር ግን አይሁን። ለዚህም ነው እንዲህ የሚባለው፦

ጎርፍ ግዝፈት አይፈራም፤ ሙጥኝ ያለን ግን አይወስድም።