ዱላ መያዝ ያስተማራት አባት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሳር ማጨድ ነበር። ይርዳው፣ «ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩትን ልጅ የከተማው መምህር ተቀብሎ ‹መሠረትህ ተሳስቷል› አለው፤ ታዲያ የእኔ ድካም የት ገባ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ትዝ ያለኝ ይህ ሰው ነው። ቁጭ በልና ስማኝ።

ሰውየው የሚሠራው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የጎልፍ ሜዳ ነበር። ጎልፍን ታውቀዋለህ፤ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ካለ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው፤ በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሰውየውን ማንም አላስተማረውም። ሳር እያጨደ የክለቡ አባላት ሲመቱ እያየ ለመደ። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለአባላት ሲዘጋ ሠራተኞች እንዲጫወቱ ይፈቀድ ስለነበር በዚያች ቀን ይለማመድ ነበር። ጥሩ መቺም ወጣው። የግራ እጁን ትንሿን ጣት የማጨጃው ማሽን ከሥሯ ቆርጦበታል። እሱ ግን እጁን ዱላው ላይ ጠምዘዝ አድርጎ መያዝ ለመደና ጉድለቱን ረሳው።

ሐመልማል የምትባል ልጅ ነበረችው። ሰባት ዓመት ሲሆናት የተጣለ ዱላ በመጋዝ አሳጥሮ ሰጣት። «እንዲህ ያዢ» አላት፤ ያዘች። «አንገትሽን አታንሺ፣ አትቸኩዪ» አላት፤ አደረገች። በአሥራ አንድ ዓመቷ የክለቡን ልጆች ሁሉ አሸነፈች። በአሥራ አራት ዓመቷ የአገሩ ታዳጊዎች አንደኛ ሆነች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጎረቤት አገር ሄዳ ያለ ክፍያ የሚጫወቱ ወጣቶችን ዋንጫ ይዛ መጣች። በሄደችበት ሁሉ የዱላ ቦርሳዋን የሚሸከምላት አባቷ ነበር። ሰው «አሰልጣኟ ማን ነው?» ሲል እሱ ቦርሳውን ሳያወርድ «እኔ ነኝ» ይላል። ደግሞም እውነቱን ነው።

አሥራ ሰባት ሲሞላት ፕሮፌሽናል ለመሆን ተነሣች። ጎልፍን ሙያዋ ልታደርገው ማለት ነው። ለዚህም የሦስት ቀን ማጣሪያ አለ፤ ከሰማንያ ሰው የሚያልፉት አሥር ብቻ ናቸው። ማጣሪያው የተደረገው በሩቅ አገር፣ ከውቅያኖስ ዳር ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ ነበር። የአባቷ ሜዳ አጭር ነው፤ ዛፍም ከነፋስ ይከልለዋል። እዚያ ግን ነፋሱ ከቀኝ ወደ ግራ ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ድሮም ወደ ግራ የሚያደላው ኳሷ እየተወሰደ ውሃ ይገባባት ጀመር። ስልሳ ሁለተኛ ወጣች።

ብዙ ፕሮፌሽናሎችን ያፈራች አንዲት አሰልጣኝ እዚያ ነበረች። ሐመልማል ስትመታ አይታ ጠራቻትና በእንግሊዝኛ፣ «ጉልበትሽም ዓይንሽም ግሩም ነው። የግራ እጅሽ አያያዝ ግን ተጣምሟል፤ ኳሱን ወደ ግራ የሚጎትተው እሱ ነው። ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለቻት።

ሐመልማል ወደ አባቷ ሳትዞር «ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ነው የለመድኩት» አለች።

አባት እንግሊዝኛ አይናገርም። ነገር ግን ከክለብ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ውሎ ይህን ያህል ይሰማል። የራሱን እጅ አየ። ያን ጊዜ ገባው። ልጁ ለካ አሥር ዓመት ሙሉ በጎደለች ጣት ስትጫወት ኖራለች። ከዚያ በላይ ያመመው ግን መልሷ ነው፤ እሱን ላለማሳፈር ብላ አስተማሪ የለኝም አለች።

በማግስቱ ጠዋት አሰልጣኟ ተማሪዎቿን ሰብስባ ስታሠራ ሰውየው ዱላ ይዞ በመካከላቸው አልፎ ፊቷ ቆመ። ሐመልማል ተከትላው ሮጠች።

«አባዬ፣ ተው እንሂድ። አውሮፕላኑ ያመልጠናል።»

«መጀመሪያ የምላትን ንገሪያት። ‹ያስተማርኳት እኔ ነኝ› በያት።»

«አልልም።»

«ሐመልማል፣ ንገሪያት።»

ቃል በቃል ትተረጉምለት ጀመር። ሰውየው የግራ እጁን ከፍ አድርጎ ለተማሪዎቹ ሁሉ አሳየ።

«ይህች ጣት የለችኝም። ዱላው እንዳያመልጠኝ እጄን አጣምሜ እይዛለሁ። ልጄ አምስቱም ጣቶች አሏት፤ እኔ ግን በአራት መያዝ አስተማርኳት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ እሱን አትንኪባት። ይህችን ግን አቅኚላት።»

አሰልጣኟ ያንኑ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ሐመልማል እዚያው እንድትቀር፣ ጠዋት ጠዋት ትንንሽ ልጆችን እያሠራች ከሰዓት በኋላ እንድትማር ተስማሙ። አባት የዱላ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ለልጁ ሰጣትና ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዓመቱ ከባድ ነበር። አያያዝ ሲለወጥ ሌላውም አብሮ ይፈርሳል። ድሮ ዓይኗን ጨፍና የምታስገባውን ኳስ ትስት ጀመር፤ በሦስት ዓመት የምታንሳት ልጅ ሳይቀር ረታቻት። ወሬው ክለቡ ዘንድ ደረሰና ሰዎች «ከአባቷ ባትለይ ይሻላት ነበር» አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ሲሰማ ሰውየው ትንሽ ደስ ይለው ነበር፤ ሰው ነዋ።

አንድ ቀን ሳር እያጨደ ስልኩ ጮኸ። ማሽኑን አጠፋ።

«አባዬ፣ ወደ ድሮው አያያዜ ልመለስ። በሚመጣው ወር ውድድር አለ፤ በድሮው አሸንፋለሁ» አለችው። እያለቀሰች ነበር።

እሺ ማለት አማረው። አንድ ቃል ቢናገር ልጁ ትመለስለታለች፤ አሰልጣኟም እንደገና እሱ ይሆናል።

«ታሸንፊያለሽ፤ አውቃለሁ» አላት። «ግን አትመለሺ ልጄ። እኔ ላደርስሽ የቻልኩት እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ እኔም አላውቀውም። አንቺ ሂጂበት።»

በዓመቱ ማጣሪያው በዚያው ሜዳ ተደረገ። ሰውየው ፈቃድ ወስዶ ሄደ። ቦርሳዋን የተሸከመው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ሜዳውን ከከለለው ገመድ ውጭ ከተመልካች ጋር ቆመ። ሦስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ነፋሱ እንደ አምናው ከቀኝ ይገፋል፤ በግራ በኩል ውሃው አለ። ኳሷ ውሃ ከገባች ሐመልማል ወደቀች ማለት ነው።

መታች። ኳሷ ወደ ቀኝ ወጣች፤ ሰው ሁሉ የሳተች መሰለው። አየር ላይ ነፋሱን ተደግፋ ቀስ እያለች ተመለሰችና መሃል ሳሩ ላይ አረፈች።

ሰውየው እንዲህ ያለ ምት በዕድሜው መትቶ አያውቅም፤ በሜዳውም ማንም ሲመታ አላየም። አጠገቡ የቆመውን የማያውቀውን ሰው ክንድ ይዞ በአማርኛ፣ «ይህን እኔ አላስተማርኳትም! ሰማህ? ይህን እኔ አላውቀውም!» አለው። እንግዳው ቃሉ ባይገባውም የአባትን ፊት አይቶ «እንኳን ደስ አለህ» በሚል ዓይነት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሐመልማል ሰባተኛ ወጥታ ፕሮፌሽናል ሆነች።

እንግዲህ ይርዳው፣ ያ አባት አንተ ነህ። ልጁን ከመደመር ጀምረህ ከከተማው ትምህርት ቤት በር ያደረስከው አንተ ነህ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር አጣምመህበት ይሆናል፤ እኔም አርባ ዓመት ሳስተምር ብዙ አጣምሜአለሁ። ድካሜ የት ገባ ብለኸኛል። ልጁ ውስጥ ነው ያለው። ያ መምህር ሊያቀና የቻለው አንተ ያቆምከውን ስላገኘ ነው። አሁን ሂድና አግኘው። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው ደህና ነው» በለው። አንድ ቀን ልጁ አንተ መፍታት የማትችለውን ሒሳብ ፈትቶ ያሳይሃል። ያን ቀን አንገትህን እንዳትደፋ። ለጎረቤትም ለመንገደኛም «ይህን እኔ አላስተማርኩትም» ብለህ ንገር፤ በኩራት ንገር።