እራቱን የከሰሰ ጅብ

አንድ ጊዜ አንድ ጅብ እራቱን ከሰሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አህያ ወንዝ ዳር ሣር ስትግጥ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ዘሎ ከፊቷ ቆመ። ማምለጫ አልነበራትም። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። በሕግ አምላክ የተባለ ደግሞ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ማንንም አይነካም። ጅቡ ምራቁን እየዋጠ አብሯት ወደ አንበሳ ችሎት ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይፍረዱልኝ! እራቴ አልበላም አለችኝ!»

«ካልራባት አንተን ምን አስጨነቀህ?» አለ አንበሳ።

«ኧረ በላተኛው እኔ ነኝ! የምትበላው እሷ ናት!»

«እራት መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ሳያት ምራቄ ይመጣል። እናቷም እራት ነበሩ፤ አያቷም። ተፈጥሮዋ ነው!»

አህያዪቱ «ጌታዬ፣ እኔ አህያ ነኝ» አለች። «ይህ ጅብ ባይፈጠርም አህያ ነኝ።»

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። የሁለቱም ነገር እውነት መሰለው። ይህን ጊዜ አማካሪው እመት ቀበሮ ጠጋ አለችና «ትናንት የጣሉት ጎሽ አለ አይደል?» አለችው በጆሮው። «መጀመሪያ ጅቡ ይጥገብ፤ ከዚያ እንጠይቀው። እኔም መጥገቡን አጠገቡ ሆኜ... እየቀመስኩ አረጋግጣለሁ።»

አንበሳም ተስማምቶ ጎሹን አስቀረበ። ጅቡ የተፈረደለት መስሎት ጎሹ ላይ ወደቀ። ሥጋውን ፈጀ፣ አጥንቱን ቆረጠመ፣ ሰኮናውን እንኳ አልማረም። ጉበቱን ግን ቀበሮ ቀድማው ነበር። በመጨረሻ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተዘረረ። አህያዪቱን አምጥተው አፍንጫው ሥር አቆሟት።

«አያ ጅቦ፣ ይህቺ ምንድን ናት?» አለች ቀበሮ።

ጅቡ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «አህያ ናታ! ሌላ ምን ልትሆን? ዞር አድርጉልኝ፣ ጠረኗ አቅለሸለሸኝ።»

ችሎት ሊሰሙ የመጡ ጦጣዎች በሳቅ ከቅርንጫፋቸው ሊወድቁ ደረሱ።

«በል ስማ» አለ አንበሳ። «በተፈጥሮዋ እራት ብትሆን ኖሮ አንተ ስትጠግብም እራት በሆነች። እራትነቷ ያለው አንተ ሆድ ውስጥ ነው፤ አህያነቷ ግን የራሷ ነው። ሂጂ፣ ነጻ ነሽ!»

ጅቡ ነገሩ የገባው አሁን ነው። «ቆይ! ነገ ጠይቁኝ! ነገ በደንብ እመልሳለሁ!» እያለ ሊነሳ ቢፍጨረጨር ሆዱ አላስነሳው አለ። አህያዪቱም ቀጠሮ የምትጠብቅ አልሆነችም፤ ኮረብታውን አልፋ አቧራዋ ብቻ ይታይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የራበው የሚያወጣልን ስም የእርሱን ሆድ እንጂ የእኛን ማንነት እንደማይናገር ነው።