በር ጠባቂው ሲመሰክር

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ከወንዙ ማዶ የቆዳ ፋብሪካ ከፈተ። ከአደኑ የተረፈውን የድኩላና የአጋዘን ቆዳ ግመልና በቅሎ እየረገጡ ያለፉታል፤ እመት አህያ ደግሞ ከወንዝ ወደ መጋዘን ታመላልሰዋለች። አለቃቸው ቀበሮ ነበር። በሩ ላይ አያ ጅቦ ቆሞ፣ ሠራተኛው ማታ ሲወጣ ጀርባውን እየዳበሰ፣ ጭራውን እያስነሳ ይፈትሻል። እሱን ግን የሚፈትሸው አልነበረም።

አንድ ማለዳ ምርጡ የአጋዘን ቆዳ ከመጋዘን ታጣ። ቀበሮ ጥፋቱ ወደ እሱ እንዳይዞር ፈጠን ብሎ እመት አህያን ጠራት።

«ቆዳውን የወሰድሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ሣር በላተኛዋ ቆዳ ምን ያደርግልኛል፣ ጌታዬ?»

«ትሸጪዋለሽ። አያ ጅቦ ተሸክመሽ ስትወጪ አይቶሻል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እቱ፣ እኔ ክፉሽን አልሻም። በሁሉ ፊት ‹ወስጃለሁ› በይና የወሩን ገለባሽን ይዘሽ በሰላም ሂጂ። እምቢ ካልሽ ግን ሥራውም የለ፣ ገለባውም የለ።»

እመት አህያ ልጇን አሰበች። ቤቷ ገና ጡት ያልጣለ ውርንጭላ አላት፤ እሷ ካልበላች እሱም የሚጠባው የለም። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ሌባ» የተባለችን አህያ ነገ ማን ጭነት ያምናታል? ውርንጭላውስ አድጎ ሥራ ሲጠይቅ «የዚያች የሌባዋ ልጅ» አይሉትም?

«ገለባው ያልቃል» አለች። «ስሙ ግን ከልጄ ጋር ያድጋል። ያልወሰድኩትን ወሰድኩ አልልም።»

ወዲያው ተባረረች። እሷም ቀጥ ብላ ወደ ዳኛዋ፣ ወደ እመት ጦጢት ሄደች። ጦጢት የምትፈርደው ዋርካ ጫፍ ላይ ሆና ነው፤ እዚያ የአንበሳ መዳፍ አይደርስም።

በችሎቱ ቀን አያ አንበሶ መጥቶ ከዋርካው ሥር ተጋደመ። እመት አህያ በሕይወት መመለሷን አላመነችም። ግመልና በቅሎ ግን ሥራቸውን ትተው ከኋላዋ ቆሙ። አያ ጅቦ እየተጎማለለ ደረሰና ገና ሳይቀመጥ፣

«ቁርበት አንጥፉልኝ እንጂ!» አለ።

«ይሄ የማያውቁህ አገር አይደለም፤ መሬት ላይ ቁጭ በል» አለችው ጦጢት። «እመት አህያን ማታ ማታ ትፈትሻት ነበር?»

«እንዴታ! ጭራዋ ሥር ሳይቀር!»

«ቆዳው የጠፋ ዕለትስ?»

ጅብ ወደ ቀበሮ አየ። ቀበሮ በዓይኑ ጠቀሰው።

«ያን ዕለት እንኳ አልፈተሽኳትም። ግን አይቻታለሁ! ቆዳውን ጀርባዋ ላይ ጥላ፣ በአፍንጫዬ ሥር አለፈች።»

«ታዲያ አንተ በር ጠባቂ አይደለህ? ሌባ እያየህ ለምን አልጮህክም?»

ቀበሮ ሊናገር ሲል ጦጢት በጅራቷ ዝም አሰኘችው። አያ ጅቦ ግን ሰነፍ የተባለ መሰለውና ደሙ ፈላ።

«እንዴት አድርጌ ልጩህ? አፌ ሞልቶ!»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞረ።

«በምን?» አለች ጦጢት ቀስ ብላ።

ጅብ አፉን በመዳፉ ከደነ። ምን እንዳለ ያን ጊዜ ገና ገባው።

አንበሳ ተነሣ። እመት አህያን አየ፤ ከኋላዋ የቆሙትን አየ። እነሱ ካልተመለሱ ወንዝ ዳር ያለው ቆዳ ሁሉ ሊበሰብስ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ተመልሶ ተጋደመ።

«እመት አህያ ወደ ሥራዋ ትመለስ» አለች ጦጢት። «ከተባረረች ወዲህ የቀረባት ገለባም ይሰጣት። ጅብ በሩን ይልቀቅ። ቀበሮም አለቅነቱ ይብቃውና ቆዳ ይሸከም።»

«እኔ እኮ የሰማሁትን ነው ያወራሁት» እያለ ቀበሮ አጉረመረመ።

በማግሥቱ ማታ እመት አህያ በሩ ላይ ስትደርስ አዲሱ ጠባቂ ከርከሮ «ጭራሽን አንሺ» አላት። አነሣች። ከዚያ ግን አልሄደችም።

«አንተስ ወንድሜ» አለችው፣ «እስቲ አፍህን ክፈት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሌባ ሲፈለግ በበሩ በሚያልፈው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት በሩን የያዘውንም መፈተሽ እንደሚገባ ነው።