የሻምበል ወልደየስ ወንበር

ሠርግ የሚደግሰውም፣ ቤት የሚሠራውም፣ ስብሰባ የሚጠራውም የሚጠቅሳት አንዲት አባባል አለች። ብዙ ሰው የጥንት አባቶች ያወረሱን ይመስለዋል። የምን የጥንት! የተወለደችው በድሬዳዋ መንገድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ያመጣትም ኮምፒውተር ነው። እንዴት ቢሉ፣ ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚያመላልስ አንድ የአውቶቡስ ማኅበር ነበር። ትኬት የሚቆርጠው ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል በሚጽፍ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው እንኳ አገር ከለቀቀ ቆይቷል። ይህ ኮምፒውተር አንድ ክፉ አመል ነበረው። ወንበሩ ሁሉ ስም ካልተጻፈበት የጉዞ ወረቀቱን አያትምም። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ መኪናው ከመናኸሪያ አይወጣም።

ትኬት ቆራጮቹ ታዲያ ዘዴ አበጁ። ከበሩ አጠገብ ያለችውን የፊት ወንበር ሁልጊዜ «ሻምበል ወልደየስ» ለሚባል ሰው ይቆርጣሉ። ሻምበል ወልደየስ የሚባል ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ወንበሯ መርዶ ለደረሰው፣ በሽተኛ ለሚያስታምም፣ ድንገት ለተጠራ ሰው ትቆያለች። እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ ሻምበል ይነሳለታል። ካልመጣ፣ መኪናው ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ ለሚለማመጠው ትሰጣለች። ማዕረጉን የጨመሩለት «ለዘመዴ ካልሰጣችሁኝ» ባዩ እንዲፈራ ነው።

ማኅበሩ አሠራሩን እንዲያዘምንለት እንዳልካቸው የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ቀጠረ። እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው። አሮጌውን መጣል አይቻልም ስላሉት፣ ከላዩ ላይ ሌላ ፕሮግራም ሠራለት። ተሳፋሪው በስልኩ ወንበር ይመርጣል፤ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ልክ እንደ ሰው ጣት አሮጌውን እየነካካ ስሙን ይሞላል። ሰልፉ ቀረ። የትኬት ክፍል ኃላፊዋ እትዬ ትርፌ «ጣቴን አሳረፍክልኝ፣ እጅህ ይባረክ!» ብላ መረቀችው።

አንድ ቀን እንዳልካቸው ግንባሩን ቋጥሮ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ሻምበል ማን ነው? ሁልጊዜ ይቆርጣል፣ አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም።»

እትዬ ትርፌ እየሳቀች ነገሩን ነገረችው። እሱም ሳቀ።

«በይ እንግዲህ ጡረታ ይውጣ። የሌለ ሰው እየጻፍኩ ፕሮግራሜን አላባልግም። ድንገት የገጠመው ሰው እንደ ማንም በስልኩ ይቁረጥ።»

«መርዶ የደረሰው ሰው ስልክ የሚነካካበት ልብ አለው?»

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጣል፣ እትዬ። ከዚህ በላይ ፍትሕ የለም።»

እሷም ከወንበር ለማኝ ጋር ጠዋት ጠዋት መጨቃጨቁ ሰልችቷት ነበርና፣ እውነትም ይቅርብኝ አለች። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ሻምበል ወልደየስ ተሰናበተ፤ አልቃሽም አላገኘ።

የእንዳልካቸው ሚስት ሰብለ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ፣ እንደ ወጉ፣ በዚሁ በድሬዳዋ መንገድ ላይ ባለችው ሂርና፣ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ስትሄድ አስምላዋለች። «ስወልድ በሩ ላይ ቆመህ ድምፅህን ልስማ» ብላው፣ እሱም ምሎላታል። ቀኗ ጥር ነው ስለተባለ ፈቃድ የያዘው ለጥር ነው። ምጥ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። በታኅሣሥ፣ በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ገና ጎህ ሲቀድ አማቱ እማማ ደስታ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምጡ ቀደመ። አንተን እየጠራች ነው፣ ድረስ!»

እንዳልካቸው እንዴት እንደለበሰ አያውቅም። መናኸሪያ ሲደርስ፣ ወይ ጉድ! ስለት ያለበት ሁሉ ጥላውንና ሻማውን ታቅፎ ወጥቷል፤ ሰው በሰው ላይ ነው። እየተጋፋ እትዬ ትርፌ መስኮት ላይ ደረሰ።

«እትዬ፣ ሰብለ ምጥ ይዟታል! አንድ ወንበር!»

«እሰይ! ማርያም በሽልም ታውጣት!» ብላ ስክሪኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ሙሉ ነው። ሁሉም መኪና ሙሉ ነው።»

«የፊተኛዋስ? የሻምበል?»

«አንተው አሰናበትከው እኮ፣ ወንድሜ። እሷማ ቀድማ ተሸጠች።»

አልሳቀችበትም። እንዲያውም እንባዋ መጣ፤ አብራው ተስማምታ ነበርና።

የመጀመሪያው ሹፌር «ትርፍ አልጭንም፣ ሕግ ነው» ብሎ በሩን ዘጋ። እውነቱን ነው። ቀጣዩም እንዲሁ። ፀሐይ ወጥታ፣ የመጨረሻው መኪና ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ ጋሽ ኡመር አየውና አዘነለት።

«እኔም አባት ነኝ፣ ግባ። ግን ቆመህ ነው የምትሄደው። ትራፊክ ስታይ ደግሞ ጎንበስ በል።»

እንዳልካቸው የአዋሽን ሙቀት ቆሞ አለፈው። የጭሮን ዳገት ሲወጡ በየኩርባው ሰው ላይ እየወደቀ ይቅርታ ይጠይቃል። በፊተኛዋ ወንበር የተቀመጡት አባባ ገረመው የሚባሉ ስለተኛ ሽማግሌ ናቸው። «ተራ በተራ እንቀመጥ፣ ልጄ» ቢሉት እንዴት ብሎ እሺ ይበል? የሰማንያ ዓመት ሰው አስነስቶ ሊቀመጥ ነው? ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ፣ ብቻ እንዳትወልድ፣ ብቻ ትንሽ ትቆየኝ ይላል፤ መልሶ ደግሞ የሚለው ነገር ያሳፍረዋል።

ሂርና ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ስልኩ ጮኸ። ከማዶ እልልታ ነው።

«ተገላገለች! ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!» አሉ እማማ ደስታ። ስልኩንም ለሰብለ ሰጧት።

«የት ነህ?» አለችው በደከመ ድምፅ።

«ደርሻለሁ፣ ልገባ ነው።»

«በሩ ላይ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም፣ ሰብልዬ።»

«ና በቃ» አለችው። «ቁርጥ አንተን ናት።»

እንዳልካቸው በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ። ደስታውና ቁጭቱ አንድ ላይ መጡበት። አውቶቡሱ በእልልታ ተናጋ፤ ጋሽ ኡመርም ክላክሱን ለቀቀው። እንዳልካቸው እንባውን ጠርጎ እትዬ ትርፌ ጋ ደወለ።

«ሴት ልጅ፣ እትዬ! ደግሞ ስሚኝ፤ እንደተመለስኩ ሻምበልን ወንበሩ ላይ እመልሰዋለሁ። ከእንግዲህ ማንም አይነካውም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆርጥለታል።»

«ከነማዕረጉ?»

«አሳድጌዋለሁ፣ ሻለቃ ሆኗል!»

«ይሄ ሻለቃ ደግሞ ማን ነው?» አሉ አባባ ገረመው።

እንዳልካቸው ሁሉንም፣ ራሱ የፈረደውንም ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ አጠገባቸው ያለውም ሳቀ፣ ወሬው እየተቀባበለ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ሂርና ላይ በሩ ሲከፈት እንዳልካቸው በደነዘዘ እግሩ እያነከሰ ወርዶ ሮጠ። ሽማግሌው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ሲሮጥ አዩት፤ ወደ ተሳፋሪው ዞሩና «አያችሁ ልጆቼ፣ ለድንገት ወንበር ያላስቀረ ራሱ ቆሞ ይሄዳል!» አሉ።