ከፍ ያለው ፒካፕና የብረት ሠሪው ዓይን

አንድ ሾፌር ነበር፤ ጎበዜ ይሉታል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ በፒካፑ የገበያ እህልና ሰው ያመላልሳል። መንገዱ ድንጋያማ ነውና የመኪናው ሆድ በየቀኑ ይፋቃል። ይህ ሲሰለቸው ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ ጋራዥ አስገባና ከፍ አስደረገው። ፒካፑ እንደ ግመል ቁመት አወጣ።

ሊወጣ ሲል መካኒኩ፣ «ወንድሜ፣ ከፍታው ተቀይሯል። አላይመንት ሳታሠራ እንዳትሄድ» አለው። አላይመንት ማለት ጎማዎቹ ሁሉ እኩል ወደ ፊት እንዲያዩ ማስተካከል ነው።

«ምን ተሰበረና ነው የማስተካክለው? አሁን አይደል እንዴ የሠራችሁት!» አለና አስነስቶ ሄደ። ሰው መኪናውን ከፍ ሲያደርግ አንገቱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ታች ማየት ይከብደዋል።

አገሩ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ጎረቤቱ አንዳርጌ ነበር። አንዳርጌ ብረት ሠሪ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። የጎበዜ ሚዜም እሱ ነበር። መዶሻውን ጥሎ ወጣ፣ ፒካፑን ዙሪያውን ዞረና፣ «ኧረ አንተ ጎበዜ! ይሄማ ሰማይ ሊነካ ነው! እንዴት ያምራል!» አለ። ከደስታው ብዛት «ከዓይን ያውጣው» ማለቱን ረሳው።

በማግስቱ ጎበዜ ሰው ጭኖ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሲደርስ ፒካፑ ወደ ቀኝ ይስባል። መሪውን ወደ ግራ ካልታገለው ገደል ሊከተው ነው። እውነቱን ለመናገር ከጋራዡ ሲመጣም ይስብ ነበር፤ የሚታየው ከፍታው ብቻ ሆኖበት ነው እንጂ። ሰንበት ሲል ደግሞ የፊት ጎማዎቹ በአንድ ጠርዛቸው በኩል እየተፋቁ አለቁ።

መናኸሪያ ላይ አንዱ ተሳፋሪ፣ «ማን አይቶት ነበር?» ሲል ጠየቀው።

ጎበዜ አሰበ። «አንዳርጌ አይቶታል። እንዴት ያምራል አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

«እህ» አለ ተሳፋሪው። ሌሎቹ ተያዩ።

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገም። በዚያ አገር የብረት ሠሪ ዓይን ይፈራል። በማረሻው አርሰው፣ በማጭዱ አጭደው፣ እንጀራውን ጠግበው ይበሉና፣ እሱ በደጃቸው ሲያልፍ ልጆቻቸውን ይደብቃሉ።

ጎበዜ ኮፈኑ ላይ ጸበል ረጨ። መስታወቱ ላይ ክታብ ሰቀለ። የሚያቆምበትን ቦታ እንኳ ቀየረ፤ የፒካፑን ፊት ከአንዳርጌ ቤት አዙሮ ማቆም ጀመረ። ሚዜውን ሰላም ማለት ተወ። ፒካፑ ግን ያው ይስባል።

ሚስቱ የሺመቤት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጸበሉ ምን በደለህ? ጎማውን ጎማ ለሚያውቅ ሰው አታሳየውም?» አለችው።

«አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ መኪና አላውቅም። ስለ አንዳርጌ ግን አውቃለሁ። ሠርጋችን ላይ እንደዚሁ እንዴት ታምራለች ብሎኝ ነበር፤ ይኸው አለሁ፣ አልጠመምኩም።»

ጎበዜ ግን አልሰማትም።

ወሬ መሪም ፍሬንም የለው፣ ሄደ። የአንዳርጌ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ሊቆረጥ ነበር። የሙሽራው አባት ወሬውን ሲሰማ፣ «ነገሩን ትንሽ እናቆየው» ብሎ ላከ። እንዲህ ያለ ትንሽ መጨረሻ እንደሌለው የማያውቅ የለም። ልጅቷ ከቤት መውጣት ተወች። አንዳርጌ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መሄድ ጀመረ። የሰው ላም እንዳያይ፣ የሰው ሕፃን እንዳያይ ብሎ አቀርቅሮ ይወጣል፣ አቀርቅሮ ይገባል።

የሺመቤት ይህን አይታ መጣችና ባሏ ፊት ቆመች። «የሚዜህ ልጅ ቀረች። ያስቀራት ያንተ አፍ ነው። ዛሬ ያንን መኪና ካላሳየህ እኔ እንደሌለሁ ቁጠረኝ።»

ጎበዜ እያጉረመረመ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። መካኒኩ ከስር ገብቶ አየና፣ «አላይመንት አላሠራህም አይደል?» አለው።

«ምኑ ተሰብሮ ነው?»

«ምንም አልተሰበረም። መኪናው ከፍ ሲል እግሮቹ ተዘረጉ፤ ጎማዎቹን የሚመሯቸው ዘንጎች ግን የተለኩት ለድሮው ከፍታ ነው። ለዚያኛው ልክ ነበሩ፣ ለዚህኛው አይደሉም። ስለዚህ አንዱ ጎማ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ያያል።»

«ምናልባት... ሰው ዓይን ጥሎበት ቢሆንስ?»

መካኒኩ ከመኪናው ስር ሆኖ ሳቀ። «ዓይን ከመኪናህ ስር ገብቶ ዘንግ አይለካም፣ ወንድሜ። ደሞም ነግሬህ ነበር።»

አላይመንቱ ተሠራ፤ ያለቁት ጎማዎችም ተቀየሩ። ጎበዜ ወደ አገሩ ሲመለስ ፒካፑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሊደሰት ሲገባው አፈረ። መኪናው ቀጥ ባለ ቁጥር የእሱ ጥፋት ጎልቶ ታየው። በቀጥታ አንዳርጌ ቤት ገባ።

«ይቅር በለኝ፣ ሚዜዬ። ጎማው ነው፣ አንተ አይደለህም።»

አንዳርጌ ዓይኑን ከብረቱ አላነሳም። «እኔ እንዳልሆንኩማ አውቀው ነበር፣ ጎበዜ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? መናኸሪያ ቆመህ የተናገርከውን ጓዳዬ ገብተህ ትመልሰዋለህ?»

ጎበዜ ወጣ። በገበያ ቀን የሙሽራውን አባትና ሽማግሌዎቹን ለምኖ ከኋላ ወንበር አስቀመጣቸው። አንዳርጌን ደግሞ እጁን ይዞ፣ ሕዝብ እያየ፣ ጋቢና ከጎኑ አስገባው። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ ቀስ አለና፣ «አንዳርጌ፣ ቀና በል። ይህን መኪና እስኪበቃህ እየው» አለ።

«ተወኝ፣ በእመቤቴ።»

«እየው አልኩህ! እንዴት ያምራል በል!»

አንዳርጌ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ያምራል» አለ።

ጎበዜ ሁለት እጁን ከመሪው አነሳ።

«ኧረ በስመ አብ! ያዘው! ያዘው!» ብለው ሽማግሌዎቹ ጮኹ። ፒካፑ ግን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ የተስተካከለው መኪናው ነው» አለ ጎበዜ። «ጠማማው የእኔ ጎማ ነበር። ከጎማዬ የከፋው አፌ ነበር። በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፣ በሰው ፊት እመልሳለሁ።»

የሙሽራው አባት የፊቱን ወንበር እንደጨበጠ፣ «አንተ መጀመሪያ መሪህን ያዝ፤ ከሞትን ማን ይድራል?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛም ሳናጣራ የሰማን አጥፍተናል። አንዳርጌ፣ ከፈቀድክልን ቀኑን አንተው ቁረጥ» አለ።

አንዳርጌ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በመስኮቱ የሰውን ማሳ፣ የሰውን ከብት፣ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡትን ልጆች ሳይሳቀቅ እያየ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ከፍ ማለት ነውር አይደለም፤ ድንጋይ የበዛበት መንገድ ያለው ሰው ከፍ ይበል። ግን ከፍ ያለ ሁሉ እንደገና መስተካከል አለበት። ለታችኛው ኑሮ ልክ የነበረው አካሄዳችን ለላይኛው ልክ ላይሆን ይችላል። አዲስ ሹመት፣ አዲስ ሀብት፣ አዲስ ቤት አግኝተን ሕይወታችን ወደ ጎን መሳብ ሲጀምር፣ «ማን አይቶብኝ ነው?» ከማለት በፊት ጎንበስ ብሎ ከስር ማየት ይሻላል። አላይመንት ደግሞ የተበላ ጎማ አያበቅልም፤ በዚያ አገር ዛሬም አንዳርጌ ሲያልፍ ልጁን የሚደብቅ አይጠፋም።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በእኛ ጠማማ ጎማ ምክንያት አቀርቅሮ የሚሄድ ሰው የለም?