አፈ ሰፊዋ አምባዛና አያ ደምለው

ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁት ትሰሙኛላችሁ? እንግዲያው ልጀምር። ዓሣ ከሰው ጋር በሚጨዋወትበት፣ ታንኳም ለጌታው መልስ በሚሰጥበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ደምለው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበረ። የአገሩ ሰው ሁሉ አያ ደምለው ይለዋል።

አያ ደምለው እጁ ሥራ ያውቃል። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ ሲሠራ የሚስተካከለው አልነበረም። ችግሩ አፉ ነው። አንድ ዓሣ ከያዘ አምስት ያዝኩ ይላል። አምስት ከያዘ ሃያ ይላል። ባዶ እጁን ከተመለሰ ደግሞ፣ “ዛሬስ አሳዘኑኝና ለቀቅኋቸው” ይላል። ሚስቱ ውድነሽ ታዲያ፣ “አንተ ስታወራ ዓሣው ይበዛል፤ ድስቱ ግን ያው ነው” ትለዋለች።

ከመንደሩ ግርጌ አንዲት ትንሽ ኩሬ አለች። ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ኩሬዋ ጢም ብላ ትሞላለች፤ ድፍርሱም እየጠራ ይሄዳል። በዚያች ኩሬ ውስጥ አንዲት አሮጊት አምባዛ ትኖራለች። ጢሟ የረዘመ፣ አፏ ሰፌድ የሚያህል። እንቁራሪቶቹ “እመት አምባዛ” እያሉ ያከብሯታል። ያላከበሯት እንቁራሪቶችም ነበሩ፤ ዛሬ የሉም።

በዚያ ዓመት ለአያ ደምለው ልጅ ለትርንጎ ሽማግሌ ተላከ። ትርንጎም ሽማግሌ የላከባትን ልጅ ወዳዋለች፤ አፍ አውጥታ ባትናገርም እናቷ አውቃለች። የልጁ አባት አያ ቢያድግልኝ፣ “ዓርብ እኩለ ቀን ላይ እንመጣለን፤ ያን ቀን ቁርጡን እንነግራችኋለን” ብሎ ላከ። ዓርብ ጾም ነው፣ ሥጋ አይቀርብም። ዓሣ ግን በዚያ አገር ይበላል። አያ ደምለው ይህን በሰማ ጊዜ ገበያ መካከል ቆሞ፣ “ለእንግዶቼ እመት አምባዛን ያላቀረብኩ እንደሆነ፣ ደምለው ብላችሁ አትጥሩኝ” አለ።

በገበያው ያልሰማ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት አያ ደምለው ታንኳውን ውሃ ላይ አኖረ። ተቀመጠ፣ መቅዘፊያውን ያዘ፣ አፉንም ከፈተ።

“ስማ ታንኳዬ፣ ዛሬ የምንሄደው ወደ ቄጠማው ነው። መንጠቆው ላይ ወፍራም ትል አድርጌበታለሁ። እመት አምባዛ ጠዋት ጠዋት ቄጠማው ሥር ትውላለች። ቀስ ብለን ደርሰን ላፍ ነው።”

“ጌታዬ” አለ ታንኳው፣ “ውሃ ድምፅ ይሸከማል። ትንሽ ዝም ብንል ምን ይመስልሃል?”

“አንተ ደንገል ነህ። ስለ ዓሣ ምን ታውቃለህ?” አለው አያ ደምለው።

እመት አምባዛ ከታች ሆና ሁሉንም ሰማች። ከቄጠማው ተነሥታ ወደ ማዶ ሄደችና ጭቃው ላይ ተኛች። አያ ደምለው እስከ ማታ ቄጠማው ሥር ተቀምጦ ዋለ። ማታ ቤቱ ገብቶ፣ “አየኋት፤ ፈርታኛለች” አለ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ተመልሶ መጣ። የታንኳውን ምክር አስቦበት ኖሮ፣ ዛሬ በሹክሹክታ ተናገረ። የአያ ደምለው ሹክሹክታ ግን ሌላው ሰው ከብት የሚጠራበትን ድምፅ ያህላል።

“ዛሬ የሾላው ጥላ ሥር ነን” አለ፤ “ትል ንቃለች፤ ዛሬ ሞራ አቀርብላታለሁ።”

ወዲያው ከማዶ በኩል አንድ የረጋ ድምፅ መጣ። “አያ ደምለው፣ እንደምን አደርክ? ሾላው ሥር ከሆነ ሲባጎውን ረዘም አድርገው፣ እዚያ ጥልቅ ነው። ደግሞ ሞራ ሆዴን ይነፋኛል፤ አትድከም።”

አያ ደምለው ደነገጠ፤ ሾላው ሥር ግን እስከ ማታ ዋለ። ቤቱ ሲገባ ውድነሽ ባዶ እጁን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። ትርንጎም አየች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። የዚያን ዕለት አያ ደምለው እራቱን ሳያወራ በላ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ወደ ኩሬዋ ወረደ። ያን ቀን መንጠቆውም አላስቻለውምና አፍ አውጥቶ ተናገረ። “ሁለት ቀን ሙሉ የተዋወቅሁት ከጭቃ ጋር ብቻ ነው” አለ። “ጌታዬ፣ እባክህ ዛሬ አፍህን ዝጋልን።”

“በምን ልዝጋው?” አለ አያ ደምለው፣ ከልቡ ጨንቆት።

“ቆሎ ጉረስ። ጉረስና አታኝክ” አለው ታንኳው።

አያ ደምለው ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ አፉን ሞላ። ጉንጩ ተነፋ። ታንኳው ያለ ድምፅ ኩሬዋ መካከል ደረሰ፣ መንጠቆውም ያለ ድምፅ ሰመጠ።

እመት አምባዛ ከታች ሆና ጠበቀች። ዛሬ ወዴት ነው? ቄጠማው ነው? ሾላው ነው? ምንም አልሰማችም። ወደ ግራ ሄደች፣ ምንም። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ምንም። ዝምታው ሆዷን በላት። በመጨረሻ ወደ ላይ ወጣችና ከታንኳው ጎን ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች።

“አያ ደምለው፣ ታመሃል?”

ዝም።

“ሚስትህ ተቆጥታሃለች?”

ዝም።

“የልጅህ ነገር ፈረሰ እንዴ?”

አያ ደምለው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ዝም። እመት አምባዛም ለአራተኛው ጥያቄ ያንን ሰፌድ አፏን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሲባጎው ከአጠገቧ ተወጥሮ ነበር፤ አያ ደምለው ሳብ ሲያደርገው መንጠቆው ከታች ተነሥቶ ዘው ብሎ ገባ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። እመት አምባዛ ታንኳውን እየጎተተች ኩሬዋን ሦስት ጊዜ ዞረች። አያ ደምለው ሲባጎውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ያዘ። እየደከመች መጣች፣ እየቀረበች መጣች። ተቀምጦ ቢጎትት ኖሮ የእርሱ ነበረች። እርሱ ግን ቆሎውን ተፋና ብድግ ብሎ ቆመ፤ ወደ መንደሩም ዞሮ፣ “ያዝኳት! ሰዎች፣ ያዝኳት!” ብሎ ጮኸ።

የደንገል ታንኳ ላይ አይቆምም። ይህን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ታንኳው ወደ ጎን ተንከባለለ፣ አያ ደምለውም ውሃ ውስጥ ገባ። ሲባጎው እጁን አጥብቆ ይዞታል። ዓሣዋ ወደ ታች ስትጎትት አብሮ ወረደ፤ ጆሮው ጮኸ፣ ደረቱ ተቃጠለ። እንደ ምንም ታግሎ ወጣ፣ እርሷም አብራው ወጣች። ፊት ለፊት ተያዩ።

“አያ ደምለው” አለች እያለከለከች፣ “እኔ ከወረድኩ አንተ ትሞታለህ። አንተ ከወጣህ እኔ እሞታለሁ። ሁለታችንም እዚህ ያደረሰን አፋችን ነው። ወገብህ ላይ ቢላ አለህ፤ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።”

አያ ደምለው እንግዶቹን አሰበ። ገበያውን አሰበ። አሁን የጮኸውንም ጩኸት አሰበ፤ መንደሩ በሙሉ ሰምቶታል። እንደገና ወደ ታች መሳብ ስትጀምር ግን ቢላውን መዘዘና ሲባጎውን ቆረጠ። እመት አምባዛ አንድ ጊዜ ጭራዋን አወዛውዛ ጠፋች። ታንኳው ተገልብጦ ሲንሳፈፍ አገኘው፤ እርሱን አቅፎ ዳር ወጣ። ታንኳውም ደግ ስለሆነ ምንም አላለውም።

ቤቱ ሲደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ዓሣዋን ለማየት መጥቷል። እነ አያ ቢያድግልኝም ደርሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ውድነሽ ትልቁን ድስት ጥዳለች። አያ ደምለው ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ በራፉ ላይ ቆመ።

“እንደምን ዋልክ አያ ደምለው” አለ አያ ቢያድግልኝ፣ “ዓሣዋስ?”

ሦስት ውሸት ወደ አፉ መጣ። ንስር ነጠቀኝ ሊል ነበር። አርግዛ ስላገኘኋት አሳዘነችኝ ሊል ነበር። አዞ ሊልም ነበር፤ በዚያች ኩሬ አዞ ታይቶ ባያውቅም። ትርንጎ ከጓዳው በር ቆማ ታየዋለች። ሦስቱንም ዋጣቸው።

“ይዣት ነበር” አለ። “ደስ ሲለኝ ታንኳው ላይ ቆሜ ጮህኩ፣ ወደቅሁ። ልሰጥም ስል ሲባጎውን ቆርጬ ወጣሁ። ዓሣ የለም።”

ሰው ሁሉ ወደ እንግዶቹ ዞረ። ከዚያ አያ ቢያድግልኝ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን ክፉ አልነበረም።

“አያ ደምለው” አለ፣ “ልንገርህ መቼስ። ትርንጎን ከወደድናት ቆይተናል። የቸገረን አንተ ነህ። ነገ ልጆቹ ቢጣሉ፣ ከብት ቢጠፋ፣ ሰው ቢታመም፣ የምትነግረኝን የትኛውን ልመን እያልኩ ስጨነቅ ነው የመጣሁት። ዛሬ ተገላገልኩ። ልጅቱን ስጡን።”

በትልቁ ድስት ሽሮ ተሠራ፤ ጠግበው በሉ። ትርንጎም በጥር ተዳረች። አያ ደምለው ማውራቱን ተወ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያወራል። ግን ስለዚያች ቀን ሲጠይቁት የሆነውን ብቻ ይናገራል።

እናንተም ዘመድ ስትመርጡ፣ ሰውዬው ስላሸነፈበት ቀን ሲያወራ አትስሙት። የተሸነፈበትን ቀን እንዴት አድርጎ እንደሚናገር ስሙ።