ዳቦው ይቅደም

አንድ ቀን የአምስት ወር ሕፃን ያላት ትርንጎ የምትባል ወጣት፣ ከባሏ ከይበልጣልና ከባሏ አጎት ከጋሽ ምንውየለት ጋር ኮፐንሃገን ከተማ ውስጥ ምሳ ልትበላ ወጣች። ዴንማርክ ከገባች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ጋሽ ምንውየለት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋልና ስለ አገሩ የማያውቁት ነገር የለም፤ ቢኖርም አያምኑም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩ የከረሙት ስለ አንድ ምግብ ነው። ስሞርብሮድ ይባላል። ጥቁር፣ ኮምጠጥ ያለ ዳቦ ይቆረጥና ቅቤ ይቀባል፤ ከላዩ ዓሣ በሉት፣ እንቁላል በሉት፣ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት በሉት፣ ይከመርበታል፤ ከላይ የሚከድነው ሌላ ዳቦ የለውም። እንግዳ ሰው የእውነቱን መቅመስ ከፈለገ ወደብ ዳር ካሉት አሮጌ ምግብ ቤቶች ይግባ፣ የሌላው ቦታ ለስሙ ነው ይላሉ ጋሽ ምንውየለት።

ትርንጎ ልጇን ስታጠባ፣ ስታስተኛ ቁርስ አምልጧታል። ሆዷ እየጮኸ ምግብ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ምንውየለት የልጁን ጋሪ ያዝ አደረጉና ልጁ እዚሁ ውጭ ይተኛል፣ የአገሩ ልማድ ነው አሉ። የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። ዞር ስትል ግን እውነትም ግድግዳው ሥር ሦስት የሕፃን ጋሪ ተደርድሯል። በየጋሪው ውስጥ ጉንጩ የቀላ ሕፃን ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ እናቶቹ ውስጥ ይበላሉ። ሞግዚት የለ፣ ዘበኛ የለ። ትርንጎ ልጇን ከጋሪው አንስታ ታቀፈች።

ታቅፌው እበላለሁ ብትል ጋሽ ምንውየለት አይሆንም አሏት። ይሄ ምግብ በእጅ አይነካም፣ በቢላና በሹካ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ልጅ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ስትታገይ ሰው ፊት ታዋርጂናለሽ። ወይ ልጁን ትተሽ ግቢ፣ ወይ ከልጁ ጋር ቁሚ። ይህን ብለው ገቡ። ይበልጣል የሚኖሩት በአጎቱ ቤት ስለሆነ ተከትሏቸው ገብቶ ተቀመጠና አንድ ቃል የማያውቀውን የዴኒሽ ሜኑ አጥብቆ ማንበብ ጀመረ።

ትርንጎ ጋሪውን በሩ ላይ ትታ፣ ልጇን ታቅፋ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። በዚህ መሃል የጋሽ ምንውየለት ሰሃን መጣ። የተጠበሰው ዓሣ ዳቦውን አልፎ ተንጠልጥሏል፤ ሽሪምፑ ደግሞ እንደ ቁልል ከላዩ ተቀምጧል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እያየን ነው፤ አስተኚውና ነይ» አሉ ሹካቸውን እያነሱ።

«ጋሼ፣ የሚወስደው ቢኖርስ?»

«እዚህ አገር? ወርቅሽን መንገድ ላይ ትተሽ ብትሄጂ በሳምንቱ መጥተሽ ታነሺዋለሽ። ምንም አይነካውም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩሽ።»

«እንግዲያው የእርስዎ ምሳ ይቅደምና ጋሪው ላይ ይቀመጥ። አሥር ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ፣ እኔም ልጄን አስተኛለሁ።»

አስተናጋጇ ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ምንውየለት በዴኒሽ አስረዷት። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ሰሙና በሳቅ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚህ በኋላ እንዴት እምቢ ይበሉ? ሰሃናቸውን ይዘው ወጡ፣ የጋሪው ክዳን ላይ አደላድለው አስቀመጡና ደረታቸውን ነፍተው ተመለሱ። እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

አንድ ደቂቃ አለፈ። መንገደኛ መጣ፣ ሰሃኑን አየ፣ ፈገግ ብሎ አለፈ። ሌላም አለፈች። ጋሽ ምንውየለት ቅንድባቸውን ወደ ትርንጎ ከፍ ዝቅ አደረጉ። ትርንጎ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች፤ አሥሩ ደቂቃ ቢሞላ ልጇን ልታወጣ ነው።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዶሮ የሚያህል ነጭ የባሕር ወፍ ከጣራው ወርዶ ጋሪው ላይ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ዓሣውን ከነዳቦው አፈፍ አድርጎ ወደ ወደቡ በረረ። ሽሪምፑ መንገዱ ላይ ተበተነ። ሦስቱ የዴንማርክ ሕፃናት ንቅንቅ አላሉም። ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ይበልጣልም በሜኑው ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል።

ጋሽ ምንውየለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወፍ እኮ ነው። ሰው አልነካውም። ወፍ ደግሞ ልጅ አይነካም።»

ትርንጎ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አመቻቸች።

«ዳቦውንም ምንም አይነካውም ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች።